ቀዩ አምላክ የማን ነው? የካትማንዱ ሸለቆ በዓላት የሂንዱ ናቸው ወይስ የቡድሃ?

የዶሃው ወጥ ሠሪ (ክሩን የከፈተ)

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዶሃ ውስጥ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ስድስት ዓመት ስሠራ አጠገቤ ቆሞ ሽንኩርት የሚከትፈው ባልደረባዬ ኔፓላዊ ነው፤ ተወልዶ ያደገውም ከካትማንዱ በባግማቲ ወንዝ ማዶ ባለችው በላሊትፑር፣ በሌላ ስሟ በፓታን ከተማ ነው። ባለፈው ዓመት የሁለታችንም የዓመት ፈቃድ በግንቦት ስለገጠመ ይዞኝ ወደ አገሩ ሄደ፤ የደረስነውም የራቶ ማችሂንድራናት ሰረገላ በከተማው መንገዶች በሚጎተትበት ሰሞን ነበር። «ራቶ» በኔፓልኛ ቀይ ማለት ነው፤ የአምላኩ ምስል ፊቱ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው።

ሰረገላው ቁመቱ ከአምስት ፎቅ ሕንፃ አያንስም። ላዩ ያለ አንድ ምስማር ከእንጨትና እንደ ሐረግ ከሚጠመዘዝ ጠንካራ ሸምበቆ ተጎንጉኖ የተሠራ፣ በአረንጓዴ ቅጠል የተሸፈነ ግንብ ስለሆነ፣ በተጎተተ ቁጥር ጫፉ ወደ ጎን ዘንበል ሲል በየሰገነቱ ያለው ሕዝብ እጁን አፉ ላይ ይጭናል። በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች በገመድ ይጎትቱታል፤ ከፊት ባለው ወፍራም ግንድ ላይ የቆመው ሰው «ሆስቴ!» ሲል ሁሉም «ሃይንሴ!» ብለው ይመልሳሉ። እኔ ግን ዓይኔን ከመንኮራኩሩ ላይ ማንሣት አልቻልኩም። መሪም ፍሬንም ስለሌለው፣ መያዣ ያላቸው ከባድ የእንጨት ሽብልቆች የያዙ ጎልማሶች ጎን ለጎን እየሮጡ፣ እንዲዞር ሲፈልጉ በአንዱ መንኮራኩር ሥር፣ እንዲቆም ሲፈልጉ በሁለቱም ሥር ይወረውሩታል። እጃቸውን በጊዜ ካላነሡ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ጥያቄዬ የመጣው ማታ ቤት ከገባን በኋላ ነው። የባልደረባዬ እናት የቡድሃ እምነት ተከታይ ናቸው፤ ያየሁት አምላክ «ካሩናማያ» እንደሚባልና የርኅራኄ ባለቤት እንደሆነ ነገሩኝ። ሻይ ሊጠጡ የመጡት ጎረቤት ግን ሂንዱ ናቸው፤ እርሳቸው «ማችሂንድራናት ነው፣ የታላቁ ዮጊ (በተመስጦ የሚኖር ባሕታዊ ማለት ነው) የጎራክናት መምህር» አሉ። ሁለቱም ያን ዕለት ለአንድ ሰረገላ ተሳልመዋል፤ ሁለቱም ተከባብረው ሻያቸውን ጠጡ፤ ማንም ማንንም አላረመም። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ፤ ትክክል የሚሉት የትኛቸው ናቸው?

ጡረተኛው መምህር

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገው አይተዋል፤ ያልተመለከቱት አንድ ነገር ግን ለጥያቄዎ ቁልፍ ነው። ሰረገላው ላይ ተቀምጠው አምላኩን የሚያጥኑትና የሚንከባከቡት ካህናት ብራህሚኖች የሚባሉት የሂንዱ የካህናት ወገኖች ሳይሆኑ ሻክያና ባጅራቻርያ ከሚባሉ የቡድሂስት ቤተሰቦች የሚወለዱ ሰዎች ናቸው። ካህኑ ቡድሂስት፣ የበዓሉ ስም በመንግሥት መዝገብ የሂንዱ፣ ጎታቹ ደግሞ የሁለቱም ወገን ገበሬና ነጋዴ ነው ማለት ነው።

የሸለቆው ነባር ሕዝብ ኔዋር ይባላል። በጥንቱ አጠራር ሺቫ የተባለውን የሂንዱ አምላክ መንገድ የሚከተሉና የቡድሃን መንገድ የሚከተሉ ተብለው ይለያሉ፤ ልዩነቱም በዋናነት ለቤተሰቡ ሥርዓት የሚፈጽመው ካህን ማን እንደሆነ የሚያሳይ እንጂ የትኛው በዓል ላይ እንደሚወጡ የሚወስን አይደለም። ለቡድሂስቱ ይህ አምላክ አቫሎኪቴሽቫራ ነው፤ ፍጥረት ሁሉ ከሥቃይ እስኪወጣ ድረስ የራሱን የመጨረሻ ዕረፍት ያዘገየ ቦዲሳትቫ። ለሂንዱው ደግሞ ማትስዬንድራናት የሚባለው የዮጊዎች መምህር ነው።

አፈ ታሪኩን ቢሰሙት ነገሩ ይበልጥ ይገባዎታል። ጎራክናት ወደ ሸለቆው መጥቶ ተገቢውን አቀባበል ስላላገኘ ተቆጥቶ ዝናብ በሚያዘንቡት እባቦች፣ በናጋዎች ላይ፣ ተቀምጦ ተመስጦ ገባ፤ አሥራ ሁለት ዓመትም ዝናብ ጠፋ። ከተመስጦው ሊያስነሣው የሚችለው መምህሩ ብቻ ስለነበር፣ ንጉሥ ናሬንድራ ዴቫ፣ ባንዱዳታ የተባለ የቡድሂስት ካህንና አንድ የላሊትፑር ገበሬ መምህሩን ሊያመጡ ዛሬ አሳም ወደሚባለው አገር ወረዱ። ካህኑ በጸሎቱ ኃይል አምላኩን በጥቁር ንብ አምሳል ወደ ማሰሮ አስገባው። መምህሩ ሲደርስ ጎራክናት ሊሰግድለት ተነሣ፣ እባቦቹም ተለቀቁ፣ ዝናቡም ወረደ። ንጉሥ፣ ካህንና ገበሬ ሦስቱም ድርሻ እንዳላቸው ልብ ይበሉ። ከዚያ ወዲያ «አምላኩ በየትኛው ከተማ ይኑር?» የሚል ጠብ ተነሣ ይባላል፤ አንድ አዛውንት እንዲፈርዱ ተደርጎ ለላሊትፑር ተፈረደ።

በዓሉ ከክረምቱ በፊት የሚውለውም ስለዚሁ ነው። የእነርሱም ክረምት እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ፣ ሰረገላው የሚጎተተው ገበሬው ለሩዝ መሬቱን አዘጋጅቶ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ወቅት ነው። ዝናብ ደግሞ የሂንዱውን ማሳ ለይቶ አይዘንብም።

ከኩዌት የተመለሰች

የመምህሩን ማብራሪያ በአክብሮት አነበብኩ። እኔ ኔፓልን አልረገጥኩም፤ በዓሎቻቸውን ግን በኩዌት በሠራሁበት ቤት፣ ለሦስት በምንተኛበት ክፍል ውስጥ፣ አምስት ዓመት አብሬ አክብሬያለሁ። አንዷ የክፍሌ ልጅ ሂንዱ፣ ሁለተኛዋ ታማንግ ከሚባለው ሕዝብ የሆነች ቡድሂስት ነበሩ።

ዳሻይን የሚባለው ትልቁ የሂንዱዎች በዓል ሲቃረብ ሂንዱዋ በባዶ የአይስክሬም ዕቃ አሸዋ ሞልታ ገብስ ትዘራና ቁም ሣጥኑ ውስጥ ትደብቀዋለች። ብርሃን እንዳያገኝ የሚደረገው ቡቃያው አረንጓዴ ሳይሆን ቢጫ ሆኖ እንዲረዝም ነው፤ ጀማራ ይሉታል። በየማለዳው ውኃ ትረጭበታለች። በመጀመሪያው ዓመት ልብስ ላወጣ ሣጥኑን ስከፍት የገብስ ቡቃያ ሲያጋጥመኝ ለጠላ ብቅል ልታዘጋጅ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ አሠሪያችን ቢያዩት ምን እንላለን ብዬ። በአሥረኛው ቀን፣ ዱርጋ የተባለችው አምላካቸው ጎሽ መስሎ የመጣውን ጋኔን ድል ባደረገችበት ዕለት፣ ሩዝ በእርጎና በቀይ ዱቄት ተለውሶ ታላቅ ለታናሽ ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ይመርቃል፣ ትንሽ ገንዘብም ይሰጣል፤ ቡቃያው ከጆሮ ጀርባ ይሰካል። እናቷ በቪዲዮ ስልክ ከመንደራቸው ሆነው ምርቃቱን ሲያወርዱ፣ እርሷ ዓይኗን ጨፍና በገዛ ጣቷ ግንባሯ ላይ ትለጥፈው ነበር። ምርቃቱ ረጅም ነው። ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ገብቶኛል።

ለዚህ ክር የሚጠቅመው ግን የታማንጓ ነገር ነው። በዓሉ ላይ አብራ ትቀመጣለች፣ ምግቡንም ትበላለች፤ ሆኖም ቀዩን አትለጥፍም፤ ቀይ ዱቄት ያልገባበት ነጭ ሩዝና እርጎ ብቻ ትለጥፋለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ቀዩ ደም ነው፤ የእኛ ነጭ ነው» ብላ አሳጠረችው። ሂንዱዋም አልተቀየመችም፤ ሁለት ሳህን ታዘጋጅ ነበር።

ከሁለት ሳምንት ግድም በኋላ የሚመጣው ቲሃር ደግሞ አምስት ቀን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ለቁራ፣ ሁለተኛው ለውሻ፣ ሦስተኛው ለላምና ለሀብት አምላካቸው ለላክሽሚ ነው። በውሻው ቀን ለውሻ የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ አስረው ግንባሩን ቀብተው ያበሉታል። በሰፈራችን ውሻ ስላጣን ጉንጉኑን ለጎረቤት ድመት ልናስር ሞክረን ሦስታችንም ተቧጭረናል። በአምስተኛው ቀን እህት ለወንድሟ በሰባት ቀለም ግንባሩን ትቀባዋለች፤ ሞት እንዳይደፍረው በዙሪያው ዘይት ታፈስሳለች፣ ደጃፉ ላይም ዋልነት የሚባለውን ጠንካራ ፍሬ ትሰብራለች። የእርሷ ወንድም ማሌዢያ ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሠራ የቀባችው የስልኩን መስታወት ነበር።

ያልተዋጠለት

እስካሁን የቀረበው ሁሉ ደስ የሚል ነው፤ እንዲያውም ደስታው በዛብኝ። «ሂንዱና ቡድሂስት በፍቅር አብረው ያከብራሉ» የሚለው አነጋገር በጎብኚዎች ማስታወቂያ ላይ ያምራል፤ እህታችን የጠቀሱት የነጩ ሩዝ ነገር ግን ሌላ ታሪክ እንዳለ ያሳያል።

ዳሻይን በዓል ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ሥርዓትም ነበር። ከሸለቆው ውጭ የነበረችው የትንሿ ግዛት የጎርካ ንጉሥ ፕሪትቪ ናራያን ሻህ ሸለቆውን ከያዘበት ዘመን ጀምሮ እስከ እ.ኤ.አ. 2008 ድረስ አገሪቱ በሂንዱ ነገሥታት ስትገዛ፣ ከንጉሡ እጅ ቀዩን መቀባት የታማኝነት ምልክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጃንግ ባሃዱር ራና ያስወጣው የአገሪቱ ሕግ ደግሞ ቡድሂስቱንም የተራራውንም ሕዝብ ሁሉ በሂንዱ የዘር መሰላል ላይ ደረጃ ሰጥቶ አስቀመጠ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ከነባር ሕዝቦች መካከል ብዙዎች «ዳሻይን የተጫነብን በዓል ነው» ብለው ማክበር አቁመዋል። ከፊሎቹም ያንኑ ዕለት የጥንቷ ሕንድ ንጉሥ አሾካ ከጦርነት ወደ ቡድሃ ትምህርት የተመለሰበት ቀን ነው ብለው ያስቡታል።

ከዚህ ሌላ የመሥዋዕቱ ጉዳይ አለ። በስምንተኛውና በዘጠነኛው ቀን ፍየልና ጎሽ ይታረዳል፤ ደሙ በመኪናና በማሽን ላይ ሳይቀር ይረጫል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የአገሪቱ አየር መንገድ ለተበላሸ አውሮፕላኑ ሁለት ፍየል ማሠዋቱ በዓለም ዜና ተነግሯል። ነፍስ ያለው ነገር አይገደል ለሚል እምነት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሂንዱው 81 ከመቶ በላይ፣ ቡድሂስቱ 8 ከመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ከአሥሩ ስምንቱን የያዘ ወገን «አብረን ነን» ሲል፣ ቀሪው በፈቃዱ ነው ወይስ ሌላ ምርጫ አጥቶ ነው አብሮ ያለው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ጡረተኛው መምህር

ያልተዋጠለት ወንድሜ ያነሡት ትክክል ነው፤ እኔም ሥልጣን የሌለበት በዓል አለ ማለቴ አይደለም። ሆኖም በሸለቆው ውስጥ ሥልጣኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አልፈሰሰም። የኩማሪን ነገር ይመልከቱ።

በመስከረም ግድም ካትማንዱ ውስጥ ስምንት ቀን በሚከበረው በኢንድራ ጃትራ፣ ኩማሪ የምትባል፣ ሕያው አምላክ ተብላ የምትመለክ ሕፃን ልጅ በሰረገላ ትወጣለች። የምትመረጠው ከሻክያ፣ ማለትም ከቡድሂስት ቤተሰብ ነው፤ የምታድርባት ግን ከጎርካ በፊት ሸለቆውን የገዙት የማላ ነገሥታት ጠባቂ የነበረችው ታሌጁ የተባለች የሂንዱ አምላክ ናት፤ ቡድሂስቶቹ ካህናት ደግሞ ባጅራዴቪ ብለው ያመልኳታል። እ.ኤ.አ. በ1768 ፕሪትቪ ናራያን ሻህ ካትማንዱን የያዘው ሕዝቡ ይህንኑ በዓል ሲያከብር ጠብቆ ነው። ከተማዋን እንደያዘ በዓሉን አልበተነም፤ ለተሸናፊው ንጉሥ የተዘጋጀውን የኩማሪን ቡራኬ ራሱ ተቀበለ። ድል አድራጊው ሂንዱ ንጉሥ ሥልጣኑን ለማጽናት ከአንዲት ቡድሂስት ሕፃን ፊት መንበርከክ አስፈለገው ማለት ነው። ንጉሡ ከቀረ ወዲህ ቡራኬውን የሚቀበለው ፕሬዚዳንቱ ነው።

ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ አምላክነቱ ይለቃትና ወደ ቤተሰቧ ትመለሳለች፤ ሌላ ሕፃንም ትመረጣለች፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጸው ላይ የተመረጠችው ሦስት ዓመት እንኳን አልሞላትም ነበር። የሕፃናት መብት ተሟጋቾች አቤት ብለው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ልማዱ ይቀጥል፣ ነገር ግን ልጅቱ የመማር መብቷ ሊነፈግ አይገባም ብሎ ወስኗል። በበኩሌ ውሳኔው ግማሽ መንገድ የሄደ ይመስለኛል፤ መሬት ሳትረግጥ ያደገች ልጅ በአንድ ቀን ተራ ተማሪ ስትሆን ምን እንደሚሰማት ፍርድ ቤት አይደነግግም።

ምርጫ አጥተው ነው ወይ ለሚለው ግን መልሱ ጉቲ የሚባለው ማኅበራቸው ውስጥ አለ። ጉቲ ከእኛ ዕድር ጋር በጣም ይቀራረባል፤ አባል ሲሞት የሚቀብር ጉቲ አለ፣ ሰረገላ የሚጠግን ጉቲ አለ፣ ከበሮ የሚመታ ጉቲም አለ፤ ልዩነቱ ብዙዎቹ ወጪያቸውን የሚሸፍን የወል መሬት ያላቸው መሆኑ ነው። መንግሥት ይህን መሬት የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ስላቀረበ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ሂንዱውም ቡድሂስቱም ኔዋር በብዙ ሺሕ ካትማንዱ አደባባይ ወጥቶ ረቂቁ እንዲነሣ አስደረገ። እነዚያ ሰዎች የወጡት ተጭኖብናል ለሚሉት በዓል አይመስለኝም።

ቀን ቆጣሪ

ስለ ዘመን አቆጣጠራቸው ማንም ስላላነሣ ጥቂት ልጨምር። መንግሥት የሚጠቀምበት ቢክራም ሳምባት ከፈረንጆቹ ወደ 57 ዓመት ገደማ ስለሚቀድም፣ እኛ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ስንገባ እነርሱ 2082 ላይ ነበሩ። አዲስ ዓመታቸው በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ይውላል፤ ከወሮቻቸውም 32 ቀን ያለው ይገኛል። ከፈረንጆቹ ወደ ኋላ የቀረን እኛ፣ ወደ ፊት የቀደሙት እነርሱ፣ ዶሃ ወጥ ቤት ውስጥ ተገናኝታችሁ የልደት ዓመት ስትለዋወጡ መስማት ነበረብኝ።

ኔዋሮች ግን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 879 የሚቆጠር ኔፓል ሳምባት የተባለ የራሳቸው ዘመን አላቸው። ሻንክዳር ሳክዋ የተባለ ነጋዴ የሕዝቡን ዕዳ ሁሉ ከፍሎ ያስጀመረው ነው ይላሉ። አዲስ ዓመቱ የሚገባው እህታችን በገለጹት በቲሃር አራተኛ ቀን ነው፤ በዚያ ምሽት ምሃ ፑጃ የሚባል፣ ሰው የገዛ አካሉን የሚያከብርበት ሥርዓት አለ። የቤቱ አባላት ወለል ላይ በረድፍ ይቀመጣሉ፤ በእያንዳንዱ ፊት በዱቄት ክብ ይሠራል፣ ረጅም የጥጥ ክር ይበራበታል። በጉዞ ላይ ላለ የቤተሰብ አባልም ክብ ይሠራለታል። ይህን ሥርዓት ሂንዱው ኔዋርም ቡድሂስቱም እኩል ስለሚፈጽሙት «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ይመስለኛል።

ተራራ ወጪ

ከሸለቆው ወጣ ብለው ወደ ሰሜን ቢሄዱ ነገሩ ይለወጣል። ሼርፓዎች አገር፣ ኤቨረስትን ፊት ለፊት በሚያየው በቴንግቦቼ ገዳም፣ በመጸው የሚከበረው ማኒ ሪምዱ ጥርት ያለ የቲቤት ቡድሂዝም በዓል ነው፤ መነኮሳቱ ለቀናት በባለ ቀለም አሸዋ የሠሩትን ሥዕል በመጨረሻ አፍሰው ይበትኑታል፣ በጭምብልም ይጨፍራሉ። በአንጻሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,700 ሜትር በሚበልጠው በሙክቲናት ሂንዱዎች ከ108 ቧንቧዎች በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ሮጠው ያልፋሉ፤ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ከምድር በሚወጣ ጋዝ የምትነድ ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል አለች፤ የሚጠብቋት የቡድሃ መነኮሳይያት ናቸው፣ የሚሳለሟት ግን ሁሉም ናቸው።

የዶሃው ወጥ ሠሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ለባልደረባዬ ተርጉሜለት ነበር። መምህሩን በሁሉም ነገር ትክክል ነዎት ብሏቸዋል፤ ያልተዋጠለትንም እንዲሁ፤ ምኑ ላይ እንደሚስማማ ግልጽ አላደረገልኝም። «አንተስ ምን ትለዋለህ?» ብዬ ስጠይቀው «ቡንጋ ድያ ነው የምለው» አለኝ፤ በራሳቸው በኔዋርኛ የቡንጋ አምላክ ማለት ነው። ቡንጋማቲ ከፓታን በስተ ደቡብ ያለች መንደር ስትሆን፣ አምላኩ የዓመቱን ግማሽ የሚያሳልፍባት ናት።

ሰረገላው በየአሥራ ሁለት ዓመቱ ከዚያች መንደር ተነሥቶ ይጎተታል። ባለፈው ተራ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. መጠኑ 7.8 የሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታ ሰረገላው ገና መንገድ ላይ ነበር። ቡንጋማቲ ያለው ቤተ መቅደስ ፈረሰ፣ ሰረገላው ባለበት ቀረ፣ ጉዞውም ከወራት በኋላ ነው የተፈጸመው። ባልደረባዬ ያኔ ከጎታቾቹ አንዱ ነበር፤ ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አይናገርም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዓሉ የሚዘጋው ጃዋላኬል በተባለ ሰፊ ቦታ በሚደረገው ቦቶ ጃትራ ነው። ፈቃዴ ስላለቀ አላየሁትም፤ ባልደረባዬ ግን እህቱ ከቦታው ስትደውልለት በእረፍት ሰዓት ስልኩን ከድንች ከረጢት ላይ አስደግፎ አሳየኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የእባቦቹ ንጉሥ ካርኮታክ ሚስቱ ዓይኗ ታምሞ ሳለ ያዳነላትን ገበሬ በዕንቁ ያጌጠ ጥቁር ሰደርያ ሸለመው። ያን ሰደርያ መንፈስ ሰረቀው። ገበሬው በሰረገላው በዓል ላይ መንፈሱን ለብሶት አገኘውና ተያያዙ፤ ሁለቱም «የእኔ ነው» አሉ። ማስረጃ ያለው እስኪቀርብ ድረስ ሰደርያው በአምላኩ ዘንድ በአደራ እንዲቀመጥ ተፈረደ። ስለዚህ በየዓመቱ ርእሰ ብሔሩ ባሉበት፣ አንድ ባለሥልጣን ሰረገላው ላይ ወጥቶ ያን ትንሽ ሰደርያ በአራቱም ማዕዘን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ያሳያል። ማስረጃ ይዞ የሚመጣ የለም። ሰደርያው ታጥፎ ይቀመጣል።

ቀጣዩ የአሥራ ሁለት ዓመት ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2027፣ በእኛ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ይደርሳል። የዓመት ፈቃዴን ከወዲሁ ልጠይቅ ብዬ ቀኑን ብጠይቀው ኮከብ ቆጣሪዎቹ ገና አልወሰኑም አለኝ። አለቃችን ይህን ምክንያት በቅጹ ላይ ስጽፍ ምን እንደሚሉ አላውቅም።